የአቡዬ ወፍ፦ ሒሳብ የጋረደው ድርሰት

ወደ ሶዶ የሚወርድ ጎብኚ ጥያ ላይ ይቆማል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን ትክል ድንጋዮች ያያል፤ መንገድ ከቀናውም አዳዲ ማርያምን አክሎ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እዚያው ሶዶ ውስጥ ያለው ምድረ ከብድ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ (የአቡዬ) ገዳም፣ የምእመናን ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ምሁራኑ ጻድቁን ሲያነሡ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ይጠመዳሉ፤ ኖሩ በሚባለው 562 ዓመት። ከግብጽ መቼ መጡ? ከላሊበላ ጋር ተገናኝተዋል ወይ? የግእዙ ገድል በጣሊያናዊው ፓውሎ ማራሲኒ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ እያለ፣ እንደ ድርሰት የሚያነበው ጥቂት ነው።

እንደ ድርሰት ለሚያነበው ግን ዋናው ነገር ወፍ ነው። በገድሉ ሰይጣን በቁራ አምሳል መጥቶ የጻድቁን ዓይን ያጠፋል፤ ሚካኤልና ገብርኤል መልሰው ያበሩታል። በጻድቁ ሥዕል ላይ ያለችው ወፍ ሌላ ናት፤ ውኃ ጠምቷት ከዓይናቸው እንባ የምትጠጣ። አንድ ዓይን፣ ሁለት ወፍ፤ አንዱ ሊያጠፋ፣ አንዷ ልትጠጣ። ዓይኑ ለሁለቱም እኩል ክፍት ነው። መጽሐፈ ነገሥትን የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ኤልያስን ያስታውሳል። እሱን በኮራት ወንዝ ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ እያመጡ መገቡት። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ የእናታቸውን ጡት እንኳ አልጠቡም የሚባልላቸው ባሕታዊ ወፍ አጠጪ ሆነዋል።

የድሮ ሰዓሊዎች ይህ ገብቷቸዋል። በሥዕላቸው የወፏ ምንቃር ቀጥታ ዓይን ላይ ነው፤ የጻድቁ ሁለት እጆች ለጸሎት ተዘርግተዋል፤ ወፏን ሊያባርርም ሊደግፍም የሚተርፍ እጅ የለም። ዛሬ በየበዓሉ ከሚሸጡት የማተሚያ ቤት ሥዕሎች አንዳንዶቹ ወፏን ከዓይን አርቀው እንደ ጌጥ ያንሳፍፏታል። ያኔ ሥዕሉ ሞተ።

በገድሉ ጻድቁን ስለሚከተሉት 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ብዙ የምለው የለኝም። ነብር ከፍየል ጠቦት ጋር ይተኛል ያለውን ኢሳይያስን ያስታውሱናል፤ ግን ከቁጥራቸው በቀር ልዩ ነገር የላቸውም፤ ደራሲው በብዛት ሊያስደንቅ የሞከረበት ቦታ ይመስለኛል።

ወፏን ግን በገድሎቻችን ካለ በየትኛውም ምስል አልለውጣትም፤ በተክለ ሃይማኖት እግር እንኳ። ያ እግር የተቆረጠው በጸሎት መቆም ብዛት ነው፤ ታላቅ ነው፤ ነገሩ ግን በጻድቁና በአምላካቸው መካከል ያልቃል። አቡዬ እየጸለዩ ሳለ ጥም ያቃጠላት ወፍ መጣች፤ ጸሎቱ ሳይቋረጥ ጠጣች።