መከተል መገመት አይደለም

የሆድ ዳንስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ብቻዋን መድረክ ላይ የምትወዛወዝ ሴት ናት። እኔ የምጨፍረው ግን ለብቻ የማይጨፈረውን ነው። ሦስት ወይም አራት ሆነን እንወጣለን፤ ሙዚቃው ይጀምራል፤ ከተከታዮቹ መካከል ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የምታውቅ የለችም። ያም ሆኖ እኩል እንዞራለን፣ እኩል እንቆማለን። ያዩን ሰዎች «ስንት ወር ብትለማመዱት ነው?» ይሉናል። እንቅስቃሴዎቹንማ አንድ በአንድ ከነምልክታቸው እንለማመዳለን። ቅደም ተከተላቸውን ግን የምትወስነው ፊት የቆመችው መሪ ናት፤ እሱንም እዚያው፣ ሙዚቃውን እየሰማች።

ይህ አጨፋፈር ከካይሮም ከኢስታንቡልም በቀጥታ የመጣ አይደለም፤ የበቀለው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። ጀሚላ ሳሊምፑር እ.ኤ.አ. በ1968 ባል አናት የተባለውን ቡድን መሥርታ በካሊፎርኒያ የህዳሴ ዘመን ትርኢት ላይ ታቀርብ ነበር። ከእሷ የተማረችው ማሻ አርቸር የራሷን ቡድን አቋቋመች። ከማሻ ዘንድ በልጅነቷ መማር የጀመረችው ካሮሊና ኔሪቺዮ ደግሞ በ1987 ፋትቻንስ ቤሊዳንስን መሠረተች፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚጨፈርበት የምልክት ሥርዓት የተደራጀው በዚህ ቡድን ውስጥ ነው። አለባበሱ ከህንድ ቾሊ፣ ከአፍጋኒስታን ዘላኖች ጌጥ፣ ከሰሜን አፍሪካ ጨርቅ የተውጣጣ ነው። አጨፋፈሩ ለረጅም ጊዜ «አሜሪካን ትራይባል ስታይል»፣ ማለትም የአሜሪካ የጎሳ ዘይቤ፣ ሲባል ቆይቶ በ2020 በቡድኑ ስም ምህጻር «ኤፍሲቢዲ ስታይል» ተብሏል። የየትኛውም ጎሳ ባህል ስላልሆነ የስሙ መቀየር ተገቢ ነበር እላለሁ።

የሥርዓቱ መሠረት አቋቋም ነው። መሪዋ ከጨፋሪዎቹ በስተግራ፣ ከሁሉም ቀደም ብላ ትቆማለች። ሌሎቹ ከእሷ በስተቀኝና በስተኋላ ይደረደራሉ፤ ሁሉም ሰውነታቸውን በሰያፍ ወደ ግራ ያዞራሉ። እንዲህ ሲሆን የመሪዋ ቀኝ ክንድና ቀኝ ዳሌ ለተመልካቹም ለተከታዮቹም ይታያል። አብዛኛው እንቅስቃሴ በቀኝ በኩል የሚሠራውም ለዚህ ነው። ከአራት በላይ ከሆንን የቀሩት ከኋላ እንደ ግማሽ ጨረቃ ቆመው ያጅባሉ፤ ሰልፉ ሲረዝም መጨረሻ ላይ ያለችው ምልክቱን ማየት ያቅታታልና።

ምልክቱ ራሱ ትንሽ ነገር ነው፤ የክንድ ከፍ ማለት፣ የራስ ዘወር ማለት፣ የደረት አቅጣጫ መቀየር። ትልቁ ጉዳይ ጊዜው ነው። የመሪዋ ምልክት እንደ መኪና ፍሬቻ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ከደረሱ በኋላ ቢበራ ከኋላ ለሚመጣው አይጠቅመውም፣ ሁለት መንገድ ቀድሞ ቢበራ ደግሞ ያሳስተዋል። በፈጣን ሙዚቃ ስምንት ምት ብንቆጥር፣ ምልክቱ በመጨረሻዎቹ ምቶች ላይ ተሰጥቶ አዲሱ እንቅስቃሴ በ«አንድ» ይጀምራል። በዝግተኛው ሙዚቃ ግን የምንቆጥረው የለም። መሪዋ ክንዷን በዝግታ ታነሳለች፤ እንቅስቃሴው የሚያልቀው እሷ ስትጨርሰው ነው። ተመልካች ፈጣኑ የሚከብድ ይመስለዋል። መከተል የሚፈተነው ግን በዝግተኛው ነው፤ ቁጥር ስለሌለ ያለሽ ዓይንሽ ብቻ ነው።

ጀማሪ ተከታይ ትዘገያለች። ልምድ ያላት ደግሞ ትገምታለች፤ ከሁለቱ የሚከፋው መገመቱ ነው። ሙዚቃውን በደንብ የምታውቅ ጨፋሪ ዜማው ከፍ ሲል «አሁን መዞር ነው» ብሎ ሰውነቷ ይነግራታል። ብዙ ጊዜም ትክክል ናት፤ አደጋውም ይኸው ነው። ዘጠኝ ጊዜ ገምታ ተሳክቶላት መሪዋን ማየት ትተዋለች፤ በአሥረኛው ሁላችንም ቆመን እሷ ብቻዋን ትዞራለች። ተመልካቹ ያን ጊዜ የሚያየው ሁለት መሪ ነው። ግማሽ ምት የዘገየችው ግን እምብዛም አትታወቅም፤ መዘግየቷ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ማዕበል ይመስላልና ያምርባታል። ስለዚህ ለተማሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዘግይቶ መድረስ ይሻላል።

ላለመገመት ዓይን ሥራ ያስፈልገዋል። እግር ማየት ከንቱ ነው፤ እግር የሚናገረው እንቅስቃሴው ከተጀመረ በኋላ ነው። እኔ የማየው የመሪዋን ክርንና የትከሻዋን ጀርባ ነው፤ ያውም አፍጥጬ ሳይሆን ዓይኔን ሰፋ አድርጌ፣ ጎረቤቴም ተመልካቹም አብረው እንዲገቡበት። እጆቻችን ላይ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት የሚታሰሩ ዚል የተባሉ ትንንሽ የናስ ጸናጽሎች አሉ፤ በፈጣኑ ሙዚቃ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያልን ሳናቋርጥ እንመታቸዋለን። ጣቶች ይህን ያለ ሐሳብ ካልሠሩት ሐሳብሽ እነሱ ጋ ይቀርና ዓይንሽ ባዶውን ያያል። ዚል ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ሳህን እየታጠበ ጭምር በአፍ እየተቆጠረ መለማመድ ያለበት ለዚህ ነው።

በእስክስታ ያደገ ሰው እዚህ ሲመጣ ሁለት ነገር ይከብደዋል። አንደኛው አቅጣጫው ነው። በእኛ ሠርግ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመው በትከሻ ይፎካከራሉ፤ አንዱ ያመጣል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ደስታውም ያልተጠበቀ ነገር ማምጣቱ ላይ ነው። እዚህ ሁላችንም ወደ አንድ አቅጣጫ እናያለን፤ ጎረቤትን ማስደነቅ ጥፋት ነው። ሁለተኛው ትከሻ ነው። ሙዚቃ ሲሞቅ የሐበሻ ትከሻ ፈቃድ አይጠይቅም። በዚህ ጭፈራ ግን ትከሻና ክንድ መልእክት የሚነበብባቸው ቦታዎች ናቸው። መሪ ሆነሽ ለራስሽ ደስታ ትከሻሽን ነቅነቅ ብታደርጊ፣ ከኋላሽ ያሉት ሦስት ሴቶች ትእዛዝ መስሏቸው ይቀበሉታል። ያልተፈለገውን እንቅስቃሴ ዝም ማሰኘት የተፈለገውን ከመሥራት በላይ ጊዜ ይወስዳል።

መሪነቱ ቋሚ አይደለም። ክብ ሠርተን ስንዞር መሪ የለም፤ ክቡ ሲከፈት ፊት የደረሰችው ትመራለች። ሁላችንም ጀርባችንን ለተመልካቹ ብንሰጥ ፊትና ኋላ ይገለበጣል። አንዳንዴም መሪዋ ራሷ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ቦታውን ትለቃለች። ሕጉ ቀላል ነው፤ ከፊቷ የምትከተላት ሰው የሌላት፣ እሷ መሪ ናት። ይህ ማለት ተከታይ ሁሉ በማንኛውም ምት ልትጠራ ትችላለች ማለት ነው። የራሷ ሐሳብ ዝግጁ ሆኖ ሊኖራት ይገባል፤ ተራዋ እስኪደርስ ግን ልታወጣው አይገባም። ከመገመት የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የምትገምተዋ ሐሳቧን የመሪዋ ሐሳብ ነው ብላ ታምናለች፣ ጥሩዋ ተከታይ ግን ሁለቱን ለይታ ትይዛለች።

በደንብ የተከተለች ሴት ስትመራ ወዲያው ይታወቃል። ከኋላ ምን እንደማይታይ ስለምታውቅ ክንዷን አጉልታ ታነሳለች። አንዱን እንቅስቃሴ ሁለት ሦስት ጊዜ ትደግመዋለች፤ ያልያዘችው እንድትይዝ፣ የደከመችው ትንፋሽ እንድትሰበስብ። የምትመርጠውም እሷ አሳምራ የምትሠራውን ሳይሆን ሦስተኛዋና አራተኛዋ ሊያነቡት የሚችሉትን ነው። ተሳስታ ሌላ ምልክት ብትሰጥ እንኳ አትመለስም፤ ሌሎቹ ስለተቀበሏት ጭፈራው ሆኗል። ከኋላ ሳይቆዩ ፊት የወጡ ግን የሚያምር ነገር ሠርተው ብቻቸውን ይቀራሉ።

ስለዚህ ይህን ጭፈራ ለምታስተምሩ አንድ ነገር ልለምን። የመሪነትን ቦታ ለጎበዝ ተማሪ እንደ ሽልማት አትስጡ። ተማሪዎቻችሁን ሰምተውት በማያውቁት ሙዚቃ አስጨፍሩ፤ ያኔ መገመቻ ያጣሉ፣ ማየትም ይጀምራሉ። ለመማር ለምትመጡም ምክሬ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ሦስተኛ ቦታ ላይ ቁሙ፣ እዚያም በርከት ላለ ጊዜ ቆዩ።