ሁለቱ አባቶች

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ሰው እንኳ ታሪኩን ያውቀዋል። መቼም በዛብህና ሰብለ ወንጌል ለእኛ የልብ ወለድ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ዘመድ ሆነዋል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ሲነበብና ሲተረክ ኖሯል። የእኔ እኩዮች ብዙዎቹ ደግሞ ከማንበባቸው በፊት ሰምተውታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታዲያ አንድ ጣጣ አለበት። ሁሉም «አውቀዋለሁ» ስለሚል መልሶ የሚከፍተው ጥቂት ነው።

ሰሞኑን መልሼ ከፈትኩት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳነብ፣ እንደ ማንኛውም ጎረምሳ፣ ሁለቱ ልጆች የሚገናኙባቸውን ገጾች ነበር የማሳድደው። በኋላ ሳስተምረው ክፍሉን የሚይዘው ጉዱ ካሳ ነበር። ተማሪዎቼ ይወዱታል። አገሬው «ጉዱ» ብሎ ያሾፍበት እንጂ ከሁሉም አርቆ የሚያየው እሱ ነው፤ ማኅበረሰቡን አንዱ በአንዱ ላይ ከተጫነበት የድንጋይ ካብ ጋር ሲያመሳስለው፣ ስለ ሥርዓቱ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አሁን ሃምሳን አልፌ ሳነበው ግን ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ወላጆቹ ላይ።

መጽሐፉ የሚጀምረው በሰብለ ወንጌል ውበት አይደለም፤ በማንኩሳ ነው፤ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ኑሮ። «መግቢያው ይንዛዛል» የሚል አንባቢ አጋጥሞኝ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር ግን የመጽሐፉ ሐዘን ሁሉ የተቋጠረው እዚያ ነው። እነዚህ ሁለት ደግ ሰዎች ብዙ ተንከራተው ያገኙትን ልጅ ሞት እንዳይነጥቃቸው ፈርተው፣ ሳያገባ እግዚአብሔርን ሲያገለግል እንዲኖር ተሳሉት። ልጁ አልተጠየቀም። ማንስ ሕፃን ይጠይቃል? በዛብህ አድጎ ሰብለን ሲወድ መጀመሪያ የሚጋፈጠው የፊታውራሪ መሸሻን ዘበኛ ሳይሆን የእናትና የአባቱን ስለት ነው።

እስቲ አሁን ወደ ፊታውራሪ ግቢ እንለፍ። በሬዲዮ ስንሰማቸው ፊታውራሪ ያስቁን ነበር፤ ጉራቸው፣ ቁጣቸው። በእርግጥም በገበሬዎቻቸው ላይ ጨካኝ ናቸው፤ አበጀ በለውና ጓደኞቹ የተነሡባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ለሰብለ ግን ጠላት አይደሉም። ይሳሱላታል። ሊያገባት የመጣውን ሁሉ «ዘሩ አይመጥንም» እያሉ ሲመልሱ ልጃቸውን ያከበሩ ይመስላቸዋል። ዓመቱ እየሄደ ልጅቱ የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። በዛብህን ፊደል እንዲያስተምራት ወደ ቤት ያስገቡትም ራሳቸው ናቸው። ድኻ የቤተ ክህነት ሰው ለሴት ልጃቸው ወንድ ሊሆን እንደሚችል አልታያቸውማ!

እንግዲህ ሁለቱን አባቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ የማንኩሳ ድኻ፣ ሌላው ባለ ርስትና ባለ ማዕረግ። በኑሮ አይገናኙም። ሥራቸው ግን አንድ ነው። አንዱ ልጁን ለእግዚአብሔር ሰጠ፤ ሌላው ልጁን ለዘር አስቀመጠ። በዛብህና ሰብለ ገና ሳይተያዩ ሁለቱም በገዛ ወላጆቻቸው ፍቅር ታጥረው ነበር። በእኔ ግምት የሐዲስ ዓለማየሁ ታላቅነት እዚህ ላይ ነው። የልጆቹን ሕይወት የሚያበላሽ ክፉ ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። የሚወዷቸውን ሰዎች አሳዩን።

መጽሐፉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ጉዱ ካሳ አንዳንዴ ከመናገር አልፎ ይሰብካል፤ ጭውውቱ ቆሞ ደራሲው ራሳቸው መድረኩን ሲይዙ ይሰማናል። አጋጣሚውም ይበዛል። ሰብለ መነኩሴ መስላ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ በዛብህን የምታገኘው ልክ በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን፣ የደራሲው እጅ ይታያል። ይሁን። እንዲያም ሆኖ ያስለቅሳል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ጉዱ ካሳ የረገመው ሥርዓት በሕግ ፈርሷል። መጽሐፉ በታተመ በ8 ዓመቱ አብዮት መጣ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀና የነፊታውራሪ ርስት አከተመ። ልብ ወለዱ ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የታሪክ ማስረጃ ሆኖ መደርደሪያ ላይ በቀረ ነበር። አልቀረም። ምክንያቱም መሬት በአዋጅ ይወረሳል፤ ስለትን ግን የሚሽር አዋጅ የለም።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ «ዶክተር» ተብሎ የሚጠራበት ቤት ሞልቷል። ወላጆቹ ለፍተው፣ ከአፋቸው ነጥለው ነው የሚያስተምሩት፤ ፍቅራቸውን ማንም አይጠራጠርም። የቦጋለንና የውድነሽንስ ማን ይጠራጠራል? የፊታውራሪም ጥያቄ ቢሆን ትርጉሙን ቀየረ እንጂ አልሞተም። ያኔ «ዘሩ ምንድን ነው?» ሲባል መኳንንት ነው ወይስ ባላገር ለማለት ነበር። ዛሬ ያው ጥያቄ ከየትኛው ብሔር ነው ለማለት ይጠየቃል፤ እሱም ሽማግሌ ሊላክ በታሰበበት ሳምንት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ፊታውራሪ ቢያንስ ጮክ ብለው ነበር የሚናገሩት።

ይህን መጽሐፍ ለልጆቻችን «አንብቡ» እያልን እንሰጣለን፤ ጥሩ ነው። ልጆቹ ግን ታሪኩን ገና ሳያነቡት የሚያውቁት ይመስለኛል፤ ያውም ከበዛብህና ከሰብለ ወገን ሆነው። እኛ ወላጆቹ ብናነበው ይሻላል፤ የማንኩሳውን ክፍል ሳንዘል፣ ቀስ ብለን።