አራቱ ቀጠሮዎች ከየት መጡ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ጤናማ ነፍሰ ጡር አራት ጊዜ እንድትታይ የሚያዘውን የእርግዝና ክትትል ሥርዓት ሲያስተዋውቅ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ተቀበሉት። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። ባለሙያው ጥቂት፣ መንገዱም ሩቅ በሆነበት አገር የቀጠሮ መቀነስ ለእናቲቱም ለጤና ጣቢያውም እፎይታ ነበር። ሥርዓቱ የቆመበትን ጥናት ግን መለስ ብሎ መመርመር ይገባል።

ጥናቱ የተካሄደው በአርጀንቲና፣ በኩባ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በታይላንድ በሚገኙ 53 ክሊኒኮች ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ። ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች አንድም አልተካተተም። የተፈተነውም «በተደራጀ ክሊኒክ ቀጠሮው ተቀንሶ ጠቃሚው ምርመራ ብቻ ቢሰጥ ጉዳት ያመጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የተሻገረው መልሱ ብቻ ሆነ፤ ጥያቄው ከነቅድመ ሁኔታው ወደ ኋላ ቀረ። በዚያ ላይ ቀጠሮ ከተቀነሰላቸው እናቶች ቢያንስ ግማሾቹ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ታይተዋል። አራት የሚለው ቁጥር በተግባር የተገኘ ሳይሆን በዕቅድ የተጻፈ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዚሁ ጥናት ዳግም ትንተና ነገሩን አከበደው። ቀጠሮ በተቀነሰላቸው እናቶች ዘንድ፣ በተለይ ከ32ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት፣ የፅንስ ሞት ከፍ ብሎ ተገኘ። በዕቅዱ መሠረት ከ32ኛው ሳምንት ቀጥሎ የነበረው ቀጠሮ በ38ኛው ነበር። በመካከሉ የሚነሣውን የደም ግፊት የሚለካ፣ የፅንሱንም ዕድገት የሚከታተል አልነበረም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩን ወደ ስምንት ከፍ ሲያደርግ አምስቱን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ አሳረፋቸው።

ይህ እርማት ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን እናትን አያድንም። በዩናይትድ ስቴትስ የተለመደው ቀጠሮ ከአሥር ይበልጣል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 32.9 እናቶች ሲሞቱ፣ በጥቁር እናቶች ዘንድ ቁጥሩ 69.9 ነበር። በስዊድን ጤናማዋን ነፍሰ ጡር የምትከታተለው አዋላጅ ናት፤ ሐኪም የሚጠራው ችግር ሲኖር ነው። ቀጠሮው ከአሜሪካው ያነሰ፣ ክፍያም የማይጠየቅበት ሲሆን፣ የእናቶች ሞት ከ10 በታች ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክትትል ካደረጉት እናቶች መካከል የደም ግፊታቸው የተለካላቸው 75 በመቶ ያህል መሆናቸውን ያሳያል። ከአራት አንዷ ክትትል አድርጋለች ተብላ ተቆጥራለች፤ ግፊቷን ግን የለካላት የለም። (የግፊት መለኪያ ከውድ መሣሪያዎች አይቆጠርም።) በ34ኛው ሳምንት ብርቱ ራስ ምታት ይዟት የመጣች እናት ግፊቷ ሳይለካና ሽንቷ ሳይመረመር ብትመለስ፣ በሪፖርቱ ላይ አንድ ቀጠሮ ተጨምሮላታል። ማግኒዥየም ሰልፌት በመደርደሪያው ላይ መኖር አለመኖሩን ያ ቁጥር አይናገርም።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው መመሪያ ስምንቱን ቀጠሮዎች ተቀብላለች። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት መሆን አለበት። በ2016ቱ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች።