የኮሜዲያን ለውጥ ከገበያ ነጻ በሆነ ፊልም

የኮሜዲያንን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ብዙ ጊዜ ወይ የመድረክ ቀልዶች ስብስብ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ «ሲያስቅ የኖረው ሰው ውስጡ ያለቅስ ነበር» በሚል የተለመደ ፍጻሜ ይዘጋል። በሁለቱም ባለታሪኩ በነበረበት ነው። ለውጥ የሚታየው ቀልደኛው ከተመልካቹ ጋር ያለው ግንኙነት ሲለወጥ ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን ጽፎ፣ አዘጋጅቶና ሙዚቃውን ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው «ላይምላይት» የተባለ ፊልም ይህን በግልጽ ያሳያል። ዝናው ያለፈበት ኮሜዲያን ካልቬሮ በሕልሙ የቁንጫ ሰርከስ ያቀርባል፤ ቀና ብሎ ሲያይ ግን ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ የሚከተለው ሰውየው ለአንዲት ወጣት ዳንሰኛ ድጋፍ ሲሆን ነው።

በኢትዮጵያም ለዚህ የሚቀርብ ሕይወት አለ። አለባቸው ተካ ከልመንህ ታደሰ ጋር ባቀረባቸው ቀልዶች ታወቀ፤ ኋላ «አለቤ ሾው»ን ይዞ በቴሌቪዥን እንግዶችን ማነጋገር ጀመረ። ሲናገር ሌሎች ይሰሙት የነበረው ሰው የሌላውን ታሪክ የሚያዳምጥ ሆነ። እንዲህ ያለው ሽግግር በፊልም ሲቀርብ ክብደቱን የሚሸከመው ንግግሩ ሳይሆን ካሜራው በአድማጩ ፊት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

ችግሩ ገበያው ነው። «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የለመደ ሲኒማ ቤት ረጅም ዝምታን አይወድም። የጎንደሩ ተወላጅ የፊልም አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ ሌላ መንገድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለ«ሳንኮፋ» ፊልሙ አከፋፋይ ሲያጣ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ፊልሙ «ጤዛ» ደግሞ ለመሠራት ብዙ ዓመታት ወስዷል። ባለታሪኩ አንበርብር ኮሜዲያን አይደለም፤ አንድ እግሩን በጀርመን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ምሁር ነው። ለውጡ በቅደም ተከተል አይነገርም፤ በቅዠትና በተቆራረጠ ትዝታ መሐል ቀስ በቀስ ይገለጣል። በመጨረሻም የመንደር አስተማሪ ይሆናል። ለኮሜዲያን ፊልም የሚጠቅመው ይህ አወቃቀር ነው።

ከኃይሌ የትውልድ ከተማ ከጎንደር ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የደምቢያዋ ቆላ ድባና አካባቢዋ ለዚህ ዓይነት ፊልም የሚሆን ሀብት አላቸው። በአዝማሪ ጨዋታ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ ተረቡ አንዳንዴ በራሱ ላይ ይዞራል። አሳቂና ሳቂ ቦታ የሚለዋወጡበት ይህ ልማድ የለውጥ ታሪክን ያለ ማብራሪያ ለመተረክ ይበቃል። ጥቂት ባለሙያ፣ አንድ መንደርና በቂ ጊዜ ያለው አዘጋጅ ሊሠራው ይችላል፤ ገቢውን በሳቅ ብዛት የሚለካ ፕሮዲዩሰር ግን ቀልደኛውን እንደነበረ ያስቀረዋል።