በስልክ የሚታዘዝ ቤትና ቢሮ፦ ስለ ቁጥጥር ሥርዓት ዝርጋታ ሙያ

የቤትንና የቢሮን መሣሪያዎች በእጅ ስልክ መተግበሪያ ማዘዝ ዛሬ በየገበያው የሚሸጥ አገልግሎት ሆኗል። አምፖሉ፣ የውኃ ፓምፑ፣ የግቢው በር፣ የጥበቃ ካሜራውና የስብሰባ አዳራሹ ፕሮጀክተር ሁሉ ከአንድ ስክሪን ሊታዘዙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይህን ሥራ በሙያነት የያዘ ሰው ንድፉን ከመጀመሩ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ ስልኩ በጠፋበት፣ ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ወይም መብራት በሄደበት ሰዓት በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዴት ይገለገላሉ የሚለው ነው። መተግበሪያ በአንድ የቁጥጥር ሥርዓት ላይ በመጨረሻ የሚደረብ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያሉት የሽቦ ዝርጋታ፣ የግድግዳ ማብሪያና በቤቱ ውስጥ የሚፈጸመው ትእዛዝ ያለ እርሱ መሥራት ካልቻሉ፣ ስልኩ ለባለቤቱ ምቾት ከመጨመር ይልቅ ቀድሞ ያልነበረ ጥገኝነት ያመጣበታል። የሙያው ብቃት የሚለካውም ይህን ቅደም ተከተል በመጠበቅ ነው።

ቤትን ከርቀት የማዘዝ ሐሳብ ከስልክ መተግበሪያ በብዙ ዓመታት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ የሚገኘው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ ኤክስ-10 የተባለውን ዘዴ ሠራ። ዘዴው ትእዛዙን በዚያው በመብራት ሽቦ ላይ በ120 ኪሎኸርዝ ምልክት እየጫነ የሚልክ ሲሆን፣ 16 የቤት ኮዶችን ከ16 የመሣሪያ ቁጥሮች ጋር በማጣመር እስከ 256 አድራሻዎች ይሰጥ ነበር፤ ትልቁ ድክመቱ ግን ላኪው ትእዛዙ በእርግጥ መፈጸሙን የሚያውቅበት መንገድ በአብዛኛው አለመኖሩ ነበር። በኋላ በአውሮፓ ኬኤንኤክስ የተባለው ደረጃ የተስፋፋ ሲሆን፣ ይህ በአብዛኛው ለትእዛዝ ብቻ የተለየ ሽቦ በቤቱ ውስጥ እንዲዘረጋ የሚጠይቅና ብዙ ጊዜ በውድ የግድግዳ ስክሪኖች የሚታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የአፕል የመተግበሪያ መደብር ሲከፈት የስክሪኑ ጥያቄ ተቃለለ፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው ስክሪኑን አስቀድሞ በኪሱ ይዞታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ኤስፕሬሲፍ የተባለው የቻይና ኩባንያ ያወጣው ኢኤስፒ8266 የተሰኘ ርካሽ የዋይፋይ ቺፕ ማንኛውንም ማብሪያ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት የሚቻልበትን ዋጋ እጅግ ዝቅ አደረገው። ዋጋው መውረዱ ሥራውን ለብዙዎች ከፍቷል፤ የዝርጋታውን ጥንቃቄ ግን አላስቀረም።

ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ምን እንደሚከናወን መከታተል ለዚህ ጥንቃቄ መነሻ ይሆናል። በተለመደው አሠራር ትእዛዙ ከስልኩ ተነሥቶ መሣሪያውን ወደ ሠራው ኩባንያ አገልጋይ፣ ማለትም በአብዛኛው በሌላ አገር ወደሚገኝ ኮምፒዩተር ይሄዳል፤ ከዚያ ተመልሶ በቤቱ ራውተር በኩል ወደ መሣሪያው ይደርስና በመሣሪያው ውስጥ ያለውን ሪሌይ ያነቃዋል። ሪሌይ በትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል እየታዘዘ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ካሉት ማያያዣዎች አንዱ ቢበጠስ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሜትር የማይራራቁ ስልክና አምፖል መነጋገር ያቅታቸዋል። ይህ የደመና አሠራር፣ በተለምዶም ክላውድ የሚባለው፣ ለመግጠም ቀላል በመሆኑ በገበያው ቢበረታም፣ የቤቱን ሥራ ለማያውቁት ኩባንያ ዕድሜና ፈቃድ አሳልፎ ይሰጣል።

የዚህን አደጋ መጠን የሚያሳዩ የታወቁ ክስተቶች አሉ። ኔስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪቮልቭ የተሰኘውን የቤት መቆጣጠሪያ አምራች ከገዛ በኋላ፣ በግንቦት 2016 አገልጋዩን ሲዘጋ፣ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የገዙት መሣሪያ ሳይበላሽ ጥቅም አልባ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የሌላው የቤት መቆጣጠሪያ አምራች፣ የኢንስቲዮን፣ አገልጋዮች ያለ ማስጠንቀቂያ ሲጠፉም መተግበሪያው መሥራት አቆመ፤ ነገር ግን የግድግዳ ማብሪያዎቹና እርስ በርሳቸው በቀጥታ የተጣመሩት መሣሪያዎች ሥራቸውን ቀጠሉ። የሁለቱ ልዩነት ለባለሙያው ትልቅ ትምህርት ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ኩባንያው አገልግሎቱን ቢያቋርጥም፣ በሁለተኛው ትእዛዙ ከቤቱ ሳይወጣ የሚፈጸምበት መንገድ አስቀድሞ ተዘርግቶ ነበር። በኢትዮጵያም ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ትእዛዙ በውጭ አገር አገልጋይ በኩል ብቻ የሚያልፍ መሣሪያ ሁሉ ከመተግበሪያው ጋር መለያየቱ የማይቀር ነበር።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በቤቱ ውስጥ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር አስቀምጦ መሣሪያዎቹ ሁሉ ከእርሱ ጋር እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ኤምኪውቲቲ የተባለው የመልእክት ሥርዓት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን በውድ የሳተላይት መስመር ለመከታተል የሠሩት ነው። አንድ ብሮከር የተባለ አደላዳይ ፕሮግራም ከመሣሪያዎቹ አጫጭር መልእክቶችን ተቀብሎ ለሚመለከታቸው ያድላል። ሥርዓቱ ደካማ መስመርን ታሳቢ አድርጎ የተነደፈ በመሆኑ መሣሪያው ገና በደኅና ሳለ አንድ የኑዛዜ መልእክት በብሮከሩ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ግንኙነቱ በድንገት ከተቋረጠ ብሮከሩ ያንን መልእክት ያውጃል፤ ስክሪኑም መሣሪያው እንደጠፋ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ደረጃም የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች በቤቱ መረብ ውስጥ በቀጥታ እንዲግባቡ የሚያስችል በመሆኑ፣ ዕቃ የሚመርጥ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ መለኪያ ሆኗል።

ከመረቡ በታች ያለው የሽቦ ሥራ ግን በማስታወቂያዎች ፈጽሞ የማይነሣና ባለሙያውን ከሁሉ አብልጦ የሚፈትነው ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ባሉ ብዙ ቤቶች ኒውትራሉ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ዑደት የሚዘጋው ሽቦ፣ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ሄዶ፣ በግድግዳው የማብሪያ ቦክስ ውስጥ የሚገኙት ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ፣ እና ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ናቸው። የዋይፋይ ማብሪያ ግን መብራቱ በጠፋበት ጊዜም ትእዛዝ ለመስማት ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ኒውትራል ያስፈልገዋል። ያለ ኒውትራል ይሠራሉ የሚባሉት ዓይነቶች ጥቂት ኤሌክትሪክ በአምፖሉ ውስጥ እያሳለፉ ራሳቸውን ስለሚመግቡ፣ አነስተኛ ኃይል የሚወስዱት የኤልኢዲ አምፖሎች ጠፍተው ሳለ እንዲብለጨለጩ ሊያደርጉ ይችላሉ። መፍትሔው ሪሌዩን ፌዙና ኒውትራሉ ሁለቱም በሚገኙበት የኮርኒስ ቦክስ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ቤቱ ገና በግንባታ ላይ ከሆነ ደግሞ ልስኑ ከመሠራቱ በፊት ኒውትራሉን እስከ እያንዳንዱ ማብሪያ መሳብ ነው። ከልስን በኋላ የሚጠራ ባለሙያ ግድግዳ ለመቅደድ ወይም ደካማ መፍትሔ ለመቀበል ይገደዳልና፣ ባለቤቶች እርሱን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር በአንድ ጊዜ ቢያማክሩት ይበጃል።

የጭነቱ፣ ማለትም መሣሪያው የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠንም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ፣ ለ10 አምፔር በተሠራ ስማርት ሶኬት ላይ መሰካቱ ሶኬቱን ሊያቀልጥ፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። የውኃ ፓምፕ ደግሞ ሲነሣ ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የትንሿን ሪሌይ መነካኪያዎች አቅልጦ ሊያጣብቃቸው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ መተግበሪያው አጥፍቻለሁ ቢልም ፓምፑ አይቆምም። ስለዚህ ስማርት መሣሪያው ኮንታክተርን፣ ማለትም ለከባድ ጭነት የተሠራውን ትልቅ ሪሌይ ብቻ እንዲያዝዝ፣ ጭነቱ በኮንታክተሩ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የምድሩ ታንከር ባዶ ሆኖ ሳለ ፓምፑ እንዳይነሣ፣ የጣሪያው ታንከር ሞልቶም እንዳይፈስ፣ ተንሳፋፊ ማብሪያዎቹ በሽቦ ከኮንታክተሩ ጋር በተከታታይ ይታሰራሉ። መተግበሪያው የውኃውን መጠን ሊያሳይና ሰዓት ሊወስን ይችላል፤ የታንከሩን ወሰን የሚጠብቀው ግን ምንም ፕሮግራም ሊሽረው የማይችል ሽቦ መሆን አለበት።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚሆነውም አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ኃይል ሲመለስ እንዲበሩ፣ እንዲጠፉ ወይም በነበሩበት እንዲቀጥሉ የሚያስመርጥ ቅንብር አላቸው፤ ብዙ ገጣሚዎች ግን ከፋብሪካ በመጣበት ይተዉታል። የመኝታ ቤት መብራት ሌሊት መብራት ሲመጣ በራሱ ቢበራ እንቅልፍ ይነሣል፤ ቦይለር፣ ፓምፕና ማቀዝቀዣ በአንድ ቅጽበት ቢነሡ ደግሞ ብሬከሩ ይወድቃል። ስለዚህ ከባድ ጭነቶች ጠፍተው እንዲቆዩና በየተራ፣ ደቂቃዎችን እየለያዩ እንዲነሡ ይደረጋል። ራውተሩና የቤቱ ኮምፒዩተርም በአነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም በባትሪ በሚደገፍ የኃይል ምንጭ ላይ ሲሆኑ፣ ሥርዓቱ መብራት መሄዱንና መምጣቱን አውቆ ይህን ቅደም ተከተል መምራት ይችላል።

ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ወደ ስክሪኑ መምጣት ይቻላል። የሰውና የኮምፒዩተር ግንኙነት አጥኚው ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስገነዘበው፣ ምላሽ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ሲመጣ ሰው ድርጊቱን ራሱ እንደፈጸመው ይሰማዋል፤ ከ1 ሰከንድ ካለፈ ግን የሐሳቡ ፍሰት ይቋረጣል። የዘገየ ምላሽ ተጠቃሚው ደጋግሞ እንዲጫንና የበራውን መልሶ እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚከብደው እውነተኛነቱ ነው፤ ስክሪኑ የታዘዘውን ሳይሆን የተፈጸመውን ማሳየት አለበት፤ ይህም የፓምፑን መነሣት በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ የበሩን መዘጋት በበሩ ላይ በተገጠመ መነካኪያ ማረጋገጥን ይጠይቃል። የመሣሪያዎቹ ስሞች ቤተሰቡ በሚጠራቸው ቃል፣ ሳሎን፣ ጓዳ፣ ሰርቪስ ቤት፣ የግቢ በር ተብለው ቢጻፉ አረጋውያንም ሳይቸገሩ ይጠቀሙበታል። የሰዓት ቅንብር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ መተግበሪያው 18፡00 የሚለው ለቤተሰቡ ማታ 12 ሰዓት ነውና፣ በዚህ ልዩነት የተነሣ የግቢ መብራት ቀን በርቶ ሌሊት ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። አብዛኞቹ ሥርዓቶች ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ የሚል ትእዛዝ ስለሚቀበሉ፣ ለውጭ መብራቶች ይህን መምረጥ የሰዓት አቆጣጠሩን ውዥንብር ከሥሩ ያስወግዳል።

ከርቀት የማዘዝ ሥልጣን ሲሰጥ ኃላፊነቱም አብሮ ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 21 ቀን 2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ተቆጣጥሮ ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት በማጥቃቱ ትላልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። የይለፍ ቃል መቀየር፣ የቤት መሣሪያዎችን ከኮምፒዩተሮች በተለየ መረብ ማስቀመጥ፣ ከውጭ የሚገባውንም በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር ብቻ መፍቀድ ዝቅተኛው ግዴታ ነው። ቤቱን አዲስ አበባ አስገንብቶ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖር ባለቤት ካሜራውን ሲከፍት በዚያ ቤት የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎችን ያያልና፣ ካሜራ በግቢና በመግቢያ እንጂ የቤት ሠራተኛ በምታርፍበት ክፍል ሊተከል አይገባም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱም ባለሙያው ይህን ጉዳይ ከደንበኛው ጋር በግልጽ እንዲያነሣ ተጨማሪ ምክንያት ይሰጠዋል። እንደ ምጣድ የሚያቃጥልና እንደ ግቢ በር የሚንቀሳቀስ ነገር ቦታውን በማያይ ሰው እንዳይነሣ መከልከል፣ ፓምፑን የሚጠግን ሠራተኛም አጠገቡ ባለ የእጅ ማቋረጫ ኃይሉን መዝጋት እንዲችል ማድረግ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

በቢሮ ያለው ሥራ በመሠረቱ ተመሳሳይ ቢሆንም ባለቤትነቱ የጋራ በመሆኑ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ በ1995 በአሜሪካው የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር የታተመው ባክኔት የተባለው ደረጃ የሕንፃ አየር ማስተካከያዎችን፣ በአንድ መስመር እስከ 64 የመብራት መቆጣጠሪያዎች የሚያስተናግደው ዳሊ ደግሞ መብራቶችን ያገናኛል። መተግበሪያው በእነዚህ ላይ ሲደረብ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ እንደ ሥራ ድርሻው ሥልጣን ይሰጣል፤ የስብሰባ አዳራሽ ተጠቃሚ መብራቱንና ፕሮጀክተሩን ሲያዝ፣ የሕንፃው ቴክኒሺያን ሁሉንም ያያል። አንድ ሰው አምሽቶ ለመሥራት ያበራው መስመር ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በራሱ ወደ መርሐ ግብሩ እንዲመለስ ካልተደረገ ግን የጊዜያዊ ትእዛዞቹ ብዛት ቁጠባ ለማምጣት የተገጠመውን ሥርዓት ወጪ ማብዣ ያደርገዋል።

የሥራው ማጠናቀቂያ ርክክብ ነው፤ ይህም መተግበሪያውን በደንበኛው ስልክ ላይ ጭኖ በመሄድ አይፈጸምም። ራውተሩ ተነቅሎ ማብሪያዎቹ ሁሉ በእጅ ይሞከራሉ፤ ዋናው ብሬከር ወርዶ ተመልሶ ሲነሣ እያንዳንዱ መሣሪያ እንደተወሰነለት መመለሱ ይታያል፤ የባለቤቱ ስልክ ተዘግቶ ሌላው የቤተሰብ አባል ቤቱን ሊጠቀምበት መቻሉ ይረጋገጣል። የሽቦው ንድፍና የይለፍ ቃሎቹ በጽሑፍ ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ የባለሙያው የራሱ የመግቢያ ፈቃድም በባለቤቱ ፊት ይሰረዛል። እነዚህ ፈተናዎች በውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ ቅድመ ሁኔታ ሆነው ቢጻፉ፣ ደንበኛው ከስክሪኑ ውበት ባሻገር ሥራውን የሚመዝንበት መለኪያ ያገኛል፤ በሽቦው ላይ የደከመ ባለሙያም ዕቃ ብቻ ከሚሸጠው በግልጽ ይለያል።