መጀመሪያ ተያዥ ሁኑ

«እትዬ፣ የተቸገሩ ሴቶችን የሚረዳ ማኅበር ለማቋቋም ስንት ብር ይበቃል?» ብላ በቅርቡ አንዲት ወጣት ጠየቀችኝ። አርማው ተስሏል፣ የስፌት መኪና ዋጋ መርካቶ ወርዳ አጣርታለች፣ ሠልጣኞቹ የሚመረቁበት አዳራሽ ሳይቀር ታስቧል። የምዝገባውን ነገር ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድሮውን 621/2001 ከተካው ወዲህ ያ ጣጣ ቀሏልና በሱ አላደከምኳት። እኔ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለስንቷ ተያዥ ለመሆን ተዘጋጅተሻል?»

«የብድር ዋስ ማለትዎ ነው?» አለች። የብድርም፣ የሥራም፣ የቤት ኪራይም። ባልደረቦቼ ይህን የእኔ አባዜ ይሉታል፤ ይበሉ።

ስፌት ተምራ የጨረሰች አንዲት ልጅ ወደ እኛ ማኅበር መጥታ ነበር። ሰርተፍኬቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛዋለች። የሞከሯት ልብስ ሰፊዎች እጇን ወደውታል፤ ሁሉም ግን መጨረሻቸው «ተያዥ አምጪ» ነው። ቤት ልከራይ ስትል መታወቂያ ተባለች። ለመታወቂያው ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛውን የሚጽፈው ሰው ደግሞ ያለ ዕድሜዋ ሊድራት ከነበረው አጎቷ ጋር ዕድርተኛ ነው። መሸኛ ጠየቀች ማለት ያለችበትን ተናገረች ማለት ነው። እስቲ የስፌት መኪና ይህችን ልጅ ምን ያደርግላታል? የምታስቀምጥበት ቤት እንኳ የላትም።

በአዋጅ 1284/2015 የጸናው ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ እዚህ ላይ አንድ በር ከፍቷል። የቀበሌ መታወቂያ የት እንደምትኖሪ ይጠይቃል፤ ፋይዳ ማን እንደሆንሽ ነው የሚጠይቀው፤ ሰነድ የሌለውም በምስክር ይመዘገባል። ምስክሩ ግን ከየት ይምጣ? «አውቃታለሁ» ብሎ አብሯት የሚቆም ሰው ከሌለ ተመልሰን እዚያው ነን።

ስለዚህ የእኛ ሥራ የሚጀምረው ወረዳ ነው። በጠዋት፣ «ሲስተም የለም» ሳይባል። ትርፍ ጉርድ ፎቶ በቦርሳ፣ የማይቸኩል ሰው በጎኗ። ጉዳይዋን የምታስረዳው ግን ራሷ ናት። በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ቀድሞ መናገር ይወዳል፤ እኔ ጋ የሚሠራ አፉን ይዘጋል። የወረዳው ጸሐፊ የሷን ድምፅ ካልለመደ ነገ ብቻዋን ስትሄድ አያውቃትም።

ሥልጠና ላይ የምትሠራ አንዲት ወዳጄ «አንዷ ሰርቃ ብትጠፋ ምን ትሆኛለሽ?» እያለች ትሟገተኛለች። እከፍላለሁ። ከፍለንም እናውቃለን። በዓመቱ በጀት ላይ «የተያዥነት ዕዳ» የምትል መስመር አለችን፤ ኦዲተሩ ባያት ቁጥር ቅንድቡን ያነሣል። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ይለናል፣ ለጋሾች ደግሞ ስንት አስመረቃችሁ ይሉናል። አንዲትን ሴት ለመታወቂያ ወረዳ ስናመላልስ የከረምንበትን ጊዜ በየትኛው ሠንጠረዥ ላስገባው? ምርቃት ፎቶ ይወጣዋል፤ ፊርማ አይወጣውም። እኔን የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ዕቃ የሰጠ ሰው ሰጥቶ ይሄዳል። ተያዥ የሆነ መሄድ አይችልም።

ይህን ያስተማረችኝ ጠላ ሻጭ ናት። አዲስ አበባ ገብቼ ሰው ቤት ስቀጠር ተያዥ የሆነችኝ እሷ ነበረች፤ መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ነው የፈረመችልኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩን ታንኳኳለች። ቁጡ ነበረች። ደመወዜ መከፈሉን ትጠይቃለች፣ ፊቴን ገልበጥ አድርጋ ታያለች፣ እመቤቲቱ ማታ ትምህርት እንድትለቀኝ አፍ አውጥታ ትከራከርልኛለች። እንደ ልጇ ስለወደደችኝ አይምሰላችሁ። ስሟ ተይዟል፤ እኔ ብበላሽ የሚበላሸው ስሟ ነው። ከፍቅር ይልቅ ይህ አዳነኝ እላለሁ። ፍቅር ሲመቸው ይመጣል፤ እሷ ግን ዝናብ ሲጥልም ትመጣ ነበር።

ቦጋለች ገብሬም ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ከምባታ ላይ ድርጅት ስታቋቁም፣ በኋላ የታወቀችበትን የሴት ልጅ ግርዛትን የማስቆም ዘመቻ ከመግፋቷ በፊት ሰዉ ድልድይ ነበር የጠየቃት፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሴቶች ገበያ የሚሻገሩበት። ድልድዩ ተሠራ። እኔ እንደሚገባኝ ከዚያ በኋላ ያገሩ ሰው ለሷ ተያዥ ሆነላት፤ ያን ከባድ ነገር አንሥታ ስትናገር የሰሟትም ለዚህ ነው። ያለዚያ ከውጭ ተምራ የመጣች አንዲት ተናጋሪ ሆና በቀረች።

እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ፤ የተያዘች ሴት እግሯን ከተከለች በኋላ ለሌላዋ ትይዛለች። ባለፈው ያቺን ስፌተኛ ለአንዲት አዲስ ለመጣች ልጅ ፈርሚ ብዬ ጠራኋት። አሁን የራሷ መታወቂያ፣ የራሷ ደንበኛ አላት። ልጅቷን ቁጭ አድርጋ ጠያየቀቻትና ወደ እኔ ዞራ «ይቺን አልይዝም፤ የነገረችኝ እርስ በርሱ አይገጥምም» አለችኝ። ለማግባባት ብሞክር «እትዬ፣ ስሜ እኮ ነው» ብላ ብዕሩን መለሰችልኝ። ያን ቀን፣ ከሠራኋቸው ሪፖርቶች ሁሉ ይልቅ የምኮራበትን ውጤት አየሁ፤ ትናንት ማንም የማይፈርምላት ሴት ዛሬ እምቢ የምትልበት ስም አላት።

ለአዲሷ ልጅ እኔው ፈረምኩላት።