ያለ ቃል ስድስት ደቂቃ

የስለላ ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን የምንጠብቀው የታወቀ ነው። ሽጉጥ ይኖራል፤ በጨለማ የምትከንፍ መኪና ትኖራለች፤ ቆንጆ ሴት ትኖራለች፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ የጠላት ወገን ሆና ትገኛለች። ከዚህ ልማድ አፈንግጦ የወጣ አንድ የቴሌቪዥን ሥራ ላነሣ ነው። ሶቪየቶች በነሐሴ 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) ለሕዝብ ያሳዩት «አሥራ ሰባት የጸደይ ቅጽበቶች» አሥራ ሁለት ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም ነው። ደራሲው ዩሊያን ሴሚዮኖቭ፣ አዘጋጇ ታቲያና ሊዮዝኖቫ የተባለች ሴት፣ ዋናው ተዋናይ ቪያቼስላቭ ቲኾኖቭ ናቸው። በዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሶቪየት ኅብረት ተምረዋልና፣ ከአንባብያን መካከል ሽቲርሊትስ የሚለውን ስም ሲሰሙ ፈገግ የሚሉ አይጠፉም። ስለዚህ ሰው የሚነገሩት ቀልዶች ከፊልሙ ይበዛሉ።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ፣ በርሊን ልትወድቅ በተቃረበችበት ወራት ይካሄዳል። ሽቲርሊትስ የናዚ ከፍተኛ መኮንን ሆኖ ለዓመታት የኖረ የሶቪየት ሰላይ ነው፤ እውነተኛ ስሙ ኢሳዬቭ ይባላል። አሁን የተሰጠው ሥራ ጀርመኖች ከአሜሪካኖች ጋር በስዊዘርላንድ በስውር የጀመሩትን ድርድር ማክሸፍ ነው። ድርድሩ በታሪክም የነበረ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ይህ ትልቁ ጉዳይ አይደለም፤ በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለች፣ ለዋናው ታሪክ አንዲት ጋት የማትጨምር ትዕይንት ናት።

ሽቲርሊትስ ያለፈውን ያስታውሳል። አንድ ቡና ቤት ገብቶ ይቀመጣል። በሩ ይከፈትና አንዲት ሴት ከአንድ ወንድ ጋር ትገባለች፤ ከእሱ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሴትዮዋ ሚስቱ ናት። ለዓመታት አላያትም። ከአገሯ ድረስ ያመጧት እንዲያያት ብቻ ነው። መነጋገር የለም፤ መነሣት የለም፤ እጅ መጨባበጥ የለም። ስድስት ደቂቃ ገደማ ይተያያሉ፤ የፒያኖ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ያመጣት ሰው ይዟት ይወጣል። አለቀ።

ሚስቲቱን ሆና የተጫወተችው ኤሌኦኖራ ሻሽኮቫ አንዲት ቃል አልተሰጣትም። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ፍለጋ፣ ቀጥሎ ማግኘት፣ ቀጥሎ ማግኘቷን መደበቅ ይፈራረቃሉ። ቲኾኖቭ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው የሚያደርገው። አንድ መኮንን ቡና ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ሊያደርግ ከሚችለው በላይ ምንም አያደርግም፤ ዓይኑ ብቻ ከድቶታል። ሐሳቡን ለአዘጋጇ ያቀረበው ራሱ ቲኾኖቭ እንደሆነ፣ እሱም ከአንድ እውነተኛ ሰላይ እንደሰማው ይወራል። ወሬው እውነት ቢሆን አይገርመኝም፤ ከጽሕፈት ጠረጴዛ የሚመነጭ ነገር አይመስልም።

በዚህ ፊልም ውስጥ የእያንዳንዱ ሹም የግል ማኅደር በየጊዜው ይነበባል። ተራኪው የሰውየውን ባሕርይ፣ ታማኝነት፣ የቤተሰብ ሁኔታ በደረቅ ድምፅ ይዘረዝራል። በሽቲርሊትስ ማኅደር ላይ ላጤ ነው ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ተመልካቹ ሚስቱን በዓይኑ ያየ፣ የጀርመን መዝገብ ግን ሚስት የለውም የሚለው ሰው ይዞ ነው እስከ መጨረሻው የሚጓዘው። የተቀሩት ክፍሎች ውስጥ ሽቲርሊትስ በዋሸ ቁጥር ያቺ ሴት ትዝ ትለናለች።

የእኛ ቋንቋ ስለዚህ ሙያ የሚለው አለው። ጆሮ ጠቢ እንላለን፤ ጆሮ የሚለቅም፣ ወሬ የሚመጥ ሰው ማለታችን ነው። ሰላይም እንላለን። እጁ ሰለለ፣ ድምፁ ሰለለ ስንልም ያው ቃል ነው፤ ደከመ፣ ቀጠነ፣ ከጥቅም ውጭ ሆነ ማለት ነው። የቃላቱ ዘር አንድ ይሁን ሁለት ለሥነ ልሳን ሊቃውንት እተዋለሁ። ሦስተኛውን ክፍል ያየ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሁለቱን ፍቺዎች በአንድ ሰው ላይ ያያቸዋል። ሰላዩ ሰልሏል።

ይህን ክፍል በመንዝ፣ ዘመሮ ላይ ለአንዲት አክስቴ አሳይቻታለሁ። ሩሲያኛ አታውቅም፤ እኔም መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ከአሥራ ሁለቱ ክፍሎች አስተርጓሚ የማይፈልገው ይህ ብቻ ነው። ባናዋን ተከናንባ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየች። የእሷ ባለቤት በ1970ዎቹ ለሰሜኑ ጦርነት ሄዶ የቀረ ነው። አንድ ጊዜ ለሦስት ቀን ፈቃድ መጥቶ ነበር። ዘመድ አዝማድ ቤቱን ሞላው፤ ሽማግሌው ሊጠይቀው፣ እናቶች ስለ ልጆቻቸው ወሬ ሊሰሙ፤ እሷ ጠላ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስታቀርብ ሦስቱ ቀን አለቀ። ደግሞስ በሰው ፊት፣ በአማት ፊት ባሏን ምን ብላ ታናግረዋለች? የእኛ አገር ባልና ሚስት በአደባባይ አይተሻሽም። «ያየኝ በሰው ትከሻ ላይ ነው» ብላኛለች ቀደም ሲል።

ፊልሙ ሲያበቃ አዘነች ወይም አለቀሰች ብዬ አንባቢን አላታልልም። የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ያ ሰውዬ ግን ምን ቢሆን ነው ተነሥቶ የማይሄድላቸው?»

ስለዚህ ትዕይንት ብዙ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ስለ ሁለቱ ነው። ሦስተኛውን ሰው ከእሷ በቀር የጠየቀ አላጋጠመኝም። እውነትም ጉዳዩ ያለው እሱ ላይ ነው። ያመጣት እሱ ነው፤ የሚወስዳት እሱ ነው፤ መቼ በቃ እንደሚባል የሚያውቀው እሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ውለታ እየዋለ ነው። መንግሥት ለታማኝ አገልጋዩ የሚስቱን ፊት እንደ ድርጎ ሰፍሮ ሰጠው፤ ሰፋሪው ደግሞ አብሮ ተቀመጠ። ፊልሙን የኬ.ጂ.ቢ. ሹማምንት አማክረውበታል፤ ዓላማውም የስለላ ሠራተኛውን ማክበር ነበር። በሦስተኛው ክፍል ግን ያሰቡት ክብር ዋጋው ስንት እንደሆነ ሾልኮ ወጣ። ያስተዋሉት አይመስለኝም። ፊልሙ በየጊዜው እየተደገመ ታይቷል።

በእኛ ዘንድ ከዚህ ጋር የሚቀመጥ ሥራ ከተፈለገ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አሥመራ ይወርዳል፤ እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ ቀርታ እሱ ፊያሜታን ይወዳል። ሽቲርሊትስ በዝምታ ሲኖር ጸጋዬ እንጀራው መናገር ነው። ሆኖም በዚያ ልብ ወለድ ውስጥም ሁለት ሰዎች ለብቻቸው ተቀምጠው አያውቁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በየፍቅሩ ጠረጴዛ ላይ የማይነሣ ሦስተኛ ሰው አለ። ከተማው በሙሉ ይሰልላል። ልዩነቱ በዓሉ ሦስተኛውን ሰው ከጥላው አውጥቶ፣ ማዕረግ ሰጥቶ፣ እንዲናገር ማድረጉ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለውጭ አንባቢ ደርሷል፤ ደራሲው የት እንደ ደረሰ ግን ቤተሰቡ ዛሬም አልተነገረውም።

ስለ ፊልሙ ነቀፋ የለኝም ማለት አይደለም። ከአሥራ ሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ስብሰባው ይበዛል፤ ተራኪው ያየነውን መልሶ ይነግረናል። በሦስተኛው ክፍልም የሚካኤል ታሪቨርዲየቭ ሙዚቃ ምንም ውብ ቢሆን፣ በእኔ ጆሮ ትንሽ ይጣፍጣል፤ የሲኒና የማንኪያ ድምፅ ብቻ ቢሰማ የሚሻል ይመስለኛል። አክስቴ በበኩሏ ሙዚቃ መኖሩን አላስተዋለችም።

በመጨረሻው ክፍል ሽቲርሊትስ ሥራውን ፈጽሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። ጦርነቱ ሊያልቅ ሳምንታት ቀርተውታል። ወደ በርሊን እንዲመለስ ይጠየቃል፤ እሺ ይላል። መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ከዛፎቹ መካከል መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ተነሥቶ ይነዳል። በዚያ ጫካ አብሮት የተቀመጠ ሰው የለም።